ሆስፒታሉ ሲዘጋ ትምህርት ቤቱን ያዳኑት ሐኪም

በ1987 ፌብሩዋሪ ወር፣ በሰሜን ዩጋንዳ ካሎንጎ በምትባል ከተማ የሚኖሩ አንድ የ63 ዓመት ሐኪም «ሆስፒታሉን ባዶ አድርጋችሁ ውጡ» የሚል ትእዛዝ ከጦሩ ደረሳቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመንግሥት ጦርና በአማፅያን መካከል ያለው ውጊያ አካባቢውን አላስቀምጥ ብሎ ነበር። ሐኪሙ አባ ጁሴፔ አምብሮሶሊ የካቶሊክ ካህንም ናቸው። ካሎንጎ ከገቡ 31 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ሲመጡ ያገኟት ትንሽ የሕክምና ጣቢያ በእጃቸው አድጋ ከ300 በላይ አልጋ ያላት ሆስፒታል ሆናለች። ፌብሩዋሪ 13 ቀን በሽተኛው፣ ነርሱ፣ መነኩሲቷ፣ ተማሪዋ ሁሉ በመኪና ተጭነው፣ በወታደር ታጅበው ወደ ሊራ ከተማ ተጓዙ። መጫን ያልተቻለው እዚያው ቀረ።

ካርቱም ሁለት በሚባለው የሱዳን ዋና ከተማ ሰፈር የኖረ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ቀዳም ስዑር ነበር። ዶሮ የገዛው ገዝቶ፣ ቡና የቆላችው ቆልታ፣ ሌሊቱን ለማስቀደስ ነጠላዋን ያጠበችው አጥባ ሳለ፣ ጠዋት ላይ ጦርነት ፈነዳ፤ ከተማው በተኩስ ተናወጠ። ያ ፋሲካ ሳይፈሰክ ቀረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ገሚሱ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ፣ ገሚሱ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ገሚሱ ወደ ግብፅ ተበተነ። የዓመታት ድካም የሆነው ፍሪጅ፣ አልጋ፣ የፀጉር ቤት ወንበር፣ የልብስ ስፌት መኪና ከተቆለፈ በር በስተጀርባ ቀረ።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ሁሉን ጥሎ ስለ መውጣት ነው። ስለ ሐዘኑ ግን ብዙ አልልም፤ ሐዘኑን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው አባ ጁሴፔ ሊራ ከደረሱ በኋላ ያደረጉትን ነው።

ሊራ ሲደርሱ ሰውነታቸው ደክሟል። ኩላሊታቸው ከዓመታት በፊት ክፉኛ ታሞ፣ ሐኪሞች ሥራ እንዲቀንሱ መክረዋቸው ነበር። በዚያ ሁኔታ ያለ ሰው አልጋ ላይ ወድቆ «ሠላሳ አንድ ዓመቴን በላው» ብሎ ቢያለቅስ ማን ይፈርድበታል? እርሳቸው ግን ስለ ሕንፃውም ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍሉም ከመጨነቅ ይልቅ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ የአዋላጅነት ተማሪዎቹ የት ይማሩ? ልጃገረዶቹ ዓመቱ ሊባክንባቸው ነው፤ አሁን ከተበተኑ ተመልሰው አይሰበሰቡም። ቦታ ፍለጋ ተጀመረ፤ ደብዳቤ ተጻፈ፤ በመጨረሻ በምዕራብ ናይል አካባቢ ያለው የአንጋል ሆስፒታል ተማሪዎቹን ለመቀበል በሩን ከፈተ። ትምህርት ቤቱ ከነተማሪው ተረፈ። አባ ጁሴፔ ማርች 27 ቀን፣ ካሎንጎን በለቀቁ በስድስት ሳምንታቸው፣ በኩላሊት ሕመም ሊራ ላይ አረፉ።

የሞት ጥላ ያጠላበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያድነው ነገር ማንነቱን ይናገራል። እኚህ ሰው ተማሪዎቻቸውን አስቀደሙ።

ሰውየው ማን ነበሩ? በ1923 በሰሜን ኢጣልያ፣ ከስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ በምትገኝ ሮናጎ በምትባል መንደር ተወለዱ። ቤተሰባቸው የማርና የከረሜላ አምራች ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ በኢጣልያ ሱቆች መደርደሪያ ላይ አለ። እንደ ወግ ቢሆን ኖሮ የማሩን ንግድ ይዘው፣ ሞቅ ያለ ቤት ሠርተው መኖር ይችሉ ነበር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን ገና ተማሪ ሳሉ፣ የሚሳደዱ አይሁዶችና ሌሎች ስደተኞች ድንበሩን ተሻግረው እንዲያመልጡ ከሚረዱት ወጣቶች አንዱ ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ከሚላኖ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ ለንደን ሄደው የሞቃት አገር በሽታዎችን ተማሩ፤ የኮምቦኒ ሚስዮናውያንን ማኅበር ተቀላቅለው በ1955 ቅስና ተቀበሉ። በ1956 ካሎንጎ ገቡ። የአካባቢው ነዋሪ የሆኑት አቾሊዎች «ታላቁ ሐኪም» ይሏቸው ነበር።

ካሎንጎ በገቡ በሦስት ዓመታቸው፣ በ1959፣ የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሦስት ዓመት ምንም አይደለም። በሽተኛው በር ላይ ተሰልፏል፤ አልጋ የለም፤ ቀዶ ሐኪሙ እርሳቸው ብቻ ናቸው። በዚህ መሐል ጊዜ ቀንሶ ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆም ትርፍ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የወሊድን ነገር የሚያውቅ ምክንያቱ ይገባዋል። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ማህፀኗ ተኮማትሮ ካልጠበቀ ደሟ ይፈሳል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። በዓለም አንደኛ የሆነ ቀዶ ሐኪም የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ቢቀመጥ ለዚያች እናት ምን ይጠቅማታል? እሷን የሚያድናት ሆዷን በእጁ አሽቶ ማህፀኗን የሚያጠብቅ፣ መርፌውን በሰዓቱ የሚወጋ፣ ሕፃኑን ጡት የሚያስይዝ፣ ምጡ ሲዘገይ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሆስፒታል ትሂድ» ብሎ በጊዜ የሚወስን ሰው አጠገቧ መኖሩ ነው። አባ ጁሴፔ ሁለት እጅ ብቻ እንዳላቸው ገባቸው። እጃቸውን ለማብዛት ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ሐሳቡን ከባዶ አላመጡትም፤ ሥሩ ካርቱም ነው። መሐል ከተማ ላይ በ1929 የተመሠረተውን ኮምቦኒ ኮሌጅ የማያውቅ የካርቱም ሐበሻ የለም፤ አንዳንዶቻችን እንደ ምልክት እንጠቀምበት ነበር፤ «ኮምቦኒ ጋ እንገናኝ» እንል ነበር። ስሙ የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ ነው። ካርቱምን በ1858 ሲያዩ ገና ወጣት ቄስ ነበሩ። አብረዋቸው ከመጡት ጓደኞቻቸው አንዳንዶቹ በወባና በትኩሳት ረገፉ። አገራቸው ተመልሰው ሲያሰላስሉ በ1864 አንድ ዕቅድ ጻፉ፤ ፍሬ ነገሩ አፍሪካ የምትድነው በአፍሪካውያን ነው የሚል ነበር። አስተማሪው፣ ካህኑ፣ ነርሱ፣ አናጢው ከአገሩ ልጅ ይውጣ አሉ። በዚያ ዘመን ከአውሮፓዊ አፍ የማይጠበቅ ንግግር ነው። ከዚያ ጳጳስ ሆነው ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ ኦክቶበር 10 ቀን 1881 በ50 ዓመታቸው እዚያችው ከተማ አረፉ፤ በ2003 ቅዱስ ተባሉ። አባ ጁሴፔ ከእርሳቸው ማኅበር የወጡ ናቸው። ካርቱም ላይ የተዘራው ሐሳብ ካሎንጎ ላይ አዋላጅ ሆኖ በቀለ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ሥሩንና ቅጠሉን የሚያውቀው የመድኃኒት ዐዋቂ ዕውቀቱን ለማንም አይናገርም። «መድኃኒት ከታወቀ ይረክሳል» ይባላል። ሽማግሌው ጎህ ሳይቀድ ብቻውን ወጥቶ ይቆርጣል፣ ብቻውን ይደቁሳል፤ ለመረጠው ልጅ የሚነግረው አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ድንገት የሞተው ደግሞ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ስንት ፈዋሽ ዕውቀት እንዲህ አፈር ገባ! ይህን የምለው አባቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ዕውቀታቸው እንጀራቸው ነበር፣ መጠበቃቸው ይገባኛል። ግን ያው ልማድ እኛም ላይ አለ። የጄኔሬተር መካኒኩ ካርቡሬተር ሲፈታ ለልጁ ጀርባውን ያዞራል። ሹሩባ የምትሠራዋ አዲሷን ልጅ ወለል ስታስጠርግ ዓመት ትከርማለች። ወጥ ሠሪዋ ቅመሙን ሌሊት ትመጥናለች። የሂሳብ ሠራተኛው ፋይሉን በራሱ ብቻ በሚገባው መንገድ ያስቀምጣል፤ ሲታመም ቢሮው ይቆማል፤ ቢሮው ሲቆም ደግሞ ደስ ይለዋል፣ አስፈላጊነቱ የታወቀለት ይመስለዋል።

በዚህ መሐል ግን ሌላ ዓይነት ሰውም አይቻለሁ። ካርቱም ሁለት ውስጥ፣ ከኦዞን አደባባይ ብዙ ሳይርቅ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ቡናና ሻይ የምትሸጥ አንዲት የጎንደር ሴት ነበረች። ጠዋት ከሰሏን አያይዛ፣ ባንበሮቿን፣ ትንንሽ መቀመጫዎቿን፣ ደርድራ፣ ሊጌማት የሚባለውን የሱዳን ጣፋጭ ጠብሳ ትጠብቃለች። ሱዳኖች ቡናቸውን ዝንጅብል ጨምረው ስለሚወዱ ከቡናው ጋር ትወቅጥላቸዋለች፤ ለሐበሻው ደግሞ ያለ ዝንጅብል ለብቻው ታፈላለች። አጠገቧ ሁልጊዜ አንዲት አዲስ ልጅ አትጠፋም። ከመተማ ማዶ በቅርቡ የመጣች፣ ዐረብኛ የማትሰማ፣ ዓይኗ የሚቅበዘበዝ። ሴትየዋ ማጠቢያው ላይ አታስቀምጣትም። በመጀመሪያው ቀን ቁጥር በዐረብኛ ታስቆጥራታለች፤ ከዚያ መልስ ታስመልሳታለች፤ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ በዓይኗ ትጠቁማታለች። ካሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ሲመጣ የቱ ዕቃ ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ጀበናውን በየትኛው እጅ፣ ከሰሉን በየትኛው እንደሚይዙ ሳይቀር ታሳያታለች። ሳምንታት አልፈው ልጅቷ ራሷን ስትችል «ሂጂ፣ ሌላ ጥግ ፈልጊ፤ ባንበር አበድርሻለሁ» ትላታለች። ደንበኛዬን ትወስድብኛለች ብላ አትሰጋም ነበር? አንዳንዷማ ወስዳባታለች። ይህን ራሷ ነበረች የምትናገረው፤ እየተናገረችም ትስቃለች።

ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ እነዚያ ልጆች የት እንደደረሱ ሁሉንም አላውቅም። ግን ጀበና የትም አለ፤ ከሰል የትም አለ። ከልጆቹ አንዷ ዛሬ መተማ ዮሐንስም ብትሆን፣ ካይሮም ብትሆን፣ ጠዋት ተነሥታ እሳት ማያያዝ ትችላለች፤ አጠገቧም አንዲት አዲስ ልጅ አስቀምጣ ይሆናል።

የአገራችንንም ታሪክ ልጨምር፤ ለዚህ ጉዳይ ከእርሱ የቀረበ የለምና። አባ ጁሴፔ ትምህርት ቤታቸውን በከፈቱበት በዚያው በ1959፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ለማቋቋም አዲስ አበባ ገቡ። ካቶሊክ አልነበሩም፤ የእምነታቸው ጽናት ግን ሁሉ የሚመሰክረው ነው። የመጡት ለጥቂት ዓመታት ነበር። ከረጅም ምጥ በሚመጣው የፊስቱላ ጉዳት የሚሠቃዩትን እናቶች ካዩ በኋላ ግን መሄድ አልቻሉም፤ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን በ1974 ከፈቱ። በሆስፒታሉ ታሪክ ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያሞቀው የማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ማሚቱ ከገጠር የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ታካሚ ነበረች። ከዳነች በኋላ እዚያው ቀረች፤ አልጋ አነጠፈች፣ በሽተኛ አጠበች፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ መሣሪያ አቀበለች፤ ከዚያ ሐኪሞቹ እጇን ይዘው አስተማሯት። በመጨረሻ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። በ1989 ከሐምሊኖች ጋር የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። ሐምሊኖች «ይህችን ምን ብናስተምራት ይገባታል» ብለው ቢሆን ኖሮ ስንት እናት የማሚቱን እጅ አጥታ ነበር? ዶክተር ካትሪን በ96 ዓመታቸው በ2020 አረፉ። በ2007 የተከፈተው ሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ በየገጠሩ የሚሰማሩ አዋላጆችን ያሠለጥናል።

ካቶሊኮች ሐኪም ቅዱስ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ግን የናፖሊውን ጁሴፔ ሞስካቲን ነው። በ1906 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ወጣቱ ሐኪም ሞስካቲ ቶሬ ዴል ግሬኮ ወዳለው ሆስፒታል ሮጡ፤ በሽተኞቹን፣ ሽማግሌና ሽባ ሳይሉ፣ አስወጡ። የመጨረሻው ከወጣ በኋላ ጣሪያው በአመድ ክብደት ተደረመሰ። ከዚያ በኋላ የኖሩት ሃያ አንድ ዓመት ብዙ ይነገርለታል፤ ከድሃ ገንዘብ አይቀበሉም፤ በበሽተኞች መጠበቂያ ክፍላቸው «ያለው ያስቀምጥ፣ የሌለው ይውሰድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መያዣ ነበር። እኔ ግን አስተማሪነታቸውን ነው የምወደው። ተማሪዎቻቸውን ከክፍል አውጥተው አልጋ አጠገብ ያስተምሩ ነበር፤ በመጽሐፍ ያነበቡትን በበሽተኛው እጅና ፊት ላይ ራሳቸው እንዲያገኙት ያደርጉ ነበር። በ1927፣ በ46 ዓመታቸው፣ በሽተኛ ሲያዩ ውለው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ቅዱስ የተባሉት አባ ጁሴፔ በሞቱበት በዚያው ዓመት፣ በ1987 ኦክቶበር ነው። አባ ጁሴፔ ደግሞ በ2022 ኖቬምበር 20 ቀን እዚያው ካሎንጎ ላይ ብፁዕ ተብለዋል፤ ይህ በካቶሊክ ሥርዓት ከቅድስና በፊት ያለው ማዕረግ ነው።

«እኔ ሐኪምም ቅዱስም አይደለሁም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግድ የለም። ማስተማር እንዴት እንደሚጀመር ግን ከእነዚህ ሰዎች መማር ይቻላል፤ ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ትምህርት ለሹሩባም ለብየዳም ይሆናል። ተማሪው መጀመሪያ ቆሞ ያያል። ቀጥሎ ያግዛል። ከዚያ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ እርሱ ራሱ ይሠራል፤ ይህኛው ደረጃ ነው ከባዱ፣ ለተማሪው ሳይሆን ለመምህሩ። እጃችሁ ይበላችኋል። «አምጪ እኔ ልጨርሰው» ማለት ያምራችኋል። ያን ጊዜ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ መቆም የቻላችሁ ቀን መምህር ሆናችኋል። የመጀመሪያው ሹሩባ ይጣመም፤ ይፈታና ይሠራ። የመጀመሪያው ወጥ ጨው ይብዛበት፤ ቤተሰብ ይብላው። ስሕተቱ የሰው ሕይወትና የሰው ንብረት እስካልነካ ድረስ ፍቀዱት፤ ሰው የሚለምደው በገዛ እጁ ነው።

ሌላው ደግሞ መጻፍ ነው። ቅመሙን፣ የሞተሩን ድምፅና ምን ማለት እንደሆነ፣ የደንበኛውን ጠባይ፣ የምትለኩበትን ሁሉ በአማርኛ በአንድ ደብተር ላይ አስፍሩት። በቃል ብቻ ያለ ነገር በአንድ ክፉ ሳምንት ይጠፋል። የምታስተምሯት ልጅ ስትሠራም ክፈሏት፤ ጥቂትም ቢሆን። በነፃ የሚለምድ ሰው ዓይኑ ከበሩ አይነሣም።

«ካስተማርኳት ትበልጠኛለች» የሚለው ፍርሃት ግን አለ፤ እውነተኛ ፍርሃት ስለሆነ አላቃልለውም። ልትበልጣችሁ ትችላለች። የካሎንጎ አዋላጆችም ተመርቀው ሁሉም እዚያው አልቀሩም፤ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችና ወደየአገራቸው ሄዱ፤ ትምህርት ቤቱም የተከፈተው ለዚሁ ነበር። የሄደችው ልጅ የሄደችበት ቦታ ላይ ስማችሁን ታነሣለች። ሥራ ሲበዛባት ደንበኛ ትልካለች። እናንተ ስትሰደዱ ቤቷ ታሳድራችኋለች። ከካርቱም የወጡ ብዙዎች መተማ ላይ የተቀበላቸው ማን እንደነበር ይጠየቁ፤ በአንድ ወቅት ሥራ ያሳዩት ሰው እንደሆነ የሚናገሩ አይጠፉም።

ካሎንጎ ምን ሆነ? ሆስፒታሉ በ1989 ሌላ የኮምቦኒ ሐኪም በሆኑት በአባ ኤጂዲዮ ቶካሊ መሪነት እንደገና ሥራ ጀመረ። የአባ ጁሴፔ አስከሬን በ1994 ከሊራ ተነሥቶ ካሎንጎ አረፈ። ዛሬ ሆስፒታሉ በስማቸው ይጠራል፤ ቦታ የተፈለገለት የአዋላጆች ትምህርት ቤትም አጠገቡ ሆኖ እያስተማረ ነው።

ከካርቱም ሁለት ወደ አገራችሁ ለተመለሳችሁ ደግሞ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ሙያ አላችሁ፣ ወረቀት የላችሁም። ምግብ ዝግጅቱን፣ ፀጉር ሥራውን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ቧንቧውን በሥራ ላይ ተማራችሁት። በአቅራቢያችሁ ያለው ቴክኒክና ሙያ ተቋም ሄዳችሁ ስለ ሲኦሲ፣ ስለ ሙያ ብቃት ምዘና፣ ጠይቁ፤ በልምድ ያገኛችሁትን ሙያ በፈተና አስመዝናችሁ ምስክር ወረቀት የምታገኙበት መንገድ አለ። ስትሄዱ ያስተማራችኋትን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሷም ትመዝገብ፤ ፈተናውን አብራችሁ ተለማመዱ፤ ጥያቄውን እሷ ትጠይቃችሁ።